«ከኮምፒውተር ጋር ይሰራል» ካሏችሁ መጀመሪያ የሳውንድ ካርዳችሁን ጀርባ እዩ

ቤታቸው ትንሽ ስቱዲዮ የከፈቱ ልጆችን እያሳደዱ ያገለገለ ኮምፕሬሰር (ጮክና ዝቅ የሚለውን ድምፅ አምቆ የሚያቀራርብ ሳጥን) እና ሪቨርብ (ማስተጋባት የሚጨምር ሳጥን) የሚሸጡ ሰዎች በዝተዋል። ዕቃው ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ በሻንጣ የገባ ነው። ማስታወቂያው ሁሌም ያው ነው፦ «ኦሪጅናል አናሎግ፣ ከኪዩቤዝም ከኤፍኤልም ጋር ይሰራል፣ ፕለጊን አጠገቡ አይደርስም»። (ኪዩቤዝና ኤፍኤል የሙዚቃ መስሪያ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ፕለጊን ደግሞ እነሱ ውስጥ የሚሰራ ኢፌክት ነው።) ዕቃው ፎርጅድ ነው እያልኩ አይደለም። አብዛኛው ደህና ሳጥን ነው። ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር ግን ከሳጥኑ ዋጋ በላይ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

ሱቅ ውስጥ የሚያሳዩዋችሁን ልብ ብላችሁ ተከታተሉ። ማይኩን ትንሽ ሚክሰር ላይ ይሰካሉ። ከሚክሰሩ ወደ ኮምፕሬሰሩ፣ ከኮምፕሬሰሩ ወደ ሳውንድ ካርዱ (ማይክና ስፒከርን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ዕቃ)። «ሄሎ ሄሎ» ትላላችሁ፣ መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ ድምፃችሁ ወፈር ብሎ ይመጣል። እውነት ነው፣ ሰርቷል። ግን የታየው የቀረጻ መንገድ ብቻ ነው። ድምፁ ወደ ኮምፒውተሩ ገባ እንጂ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ አልተመለሰም።

አብዛኛው ገዢ የሚፈልገው ደግሞ ሌላውን ነው። የተቀዳ ቮካል አለው፤ ሚክስ ሲያደርግ በዚያ ሳጥን ሊያሳልፈው ይፈልጋል። ለዚህ ድምፁ ከሳውንድ ካርዱ በአንድ ቀዳዳ ወጥቶ፣ ሳጥኑን አልፎ፣ በሌላ ቀዳዳ መግባት አለበት። እሱ ሁሉ ሲሆን እናንተ በስፒከር እየሰማችሁ ነው።

አሁን የሳውንድ ካርዳችሁን አዙሩት። ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው እንደ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ያለ ነው። ከኋላው ያለው የላይን አውትፑት (ድምፅ ወደ ሌላ ዕቃ የሚወጣበት ቀዳዳ) ሁለት ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ስፒከሮቹ ይዘዋቸዋል። ከፊት ያለው የሄድፎን ቀዳዳስ? እሱም የሚያወጣው የእነዚያኑ የአውትፑት 1ንና 2ን ድምፅ ነው፤ ተጨማሪ መውጫ አይደለም። ስለዚህ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚላክበት በር የለም። በቃ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

አንድ የማውቀው ልጅ ያጠራቀመውን ብር ከፍሎ ባለ ሁለት ቻናል ኮምፕሬሰር ገዛ። ቤት ሄዶ ስፒከሮቹን ነቅሎ በቦታቸው ሳጥኑን ሰካ፣ በሄድፎን ሊሰማ። የተመለሰውን ድምፅ ለመስማት ሞኒተሪንጉን ሲከፍተው ድምፁ ዞሮ ዞሮ ራሱ ላይ ተነሳ፤ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት። ደግነቱ ሄድፎኑን ቶሎ ጣለው። ሻጩ ጋ ሲመለስ ያገኘው መልስ «ዕቃው ይሰራል አይደል? ታዲያ ምን ጎደለ?» የሚል ነበር። ብሩ አልተመለሰም።

በስቴሪዮ ለመስራት ቢያንስ አራት አውትፑት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ለስፒከር፣ ሁለቱ ለሳጥኑ። መመለሻውም ላይን ኢንፑት (ከማይክ ሳይሆን ከሌላ ዕቃ የመጣ ድምፅ የሚገባበት ቀዳዳ) መሆን አለበት። የስካርሌት ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን) መግቢያ የማይክ ነው፤ ከኮምፕሬሰር የወጣን ጉልበተኛ ድምፅ እዚያ ብትሰኩት ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ፕሮ ቱልስ የሚባለውን ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ የባሰ ነገር አለ፦ ሃርድዌር ኢንሰርቱ (ድምፁን ወደ ውጭ ሳጥን ልኮ የሚመልሰው) በ3 እና 4 ከወጣ በ3 እና 4 ነው የሚመለሰው። ስካርሌት 4አይ4 ይሄን ሁሉ ይችላል። ግን እሱን መግዛት ሌላ ወጪ ነው፣ ሻጩም ዝም ያለው ለዚህ ነው።

ሶፍትዌራችሁንም እዩት። ድምፁን ወደ ሳጥኑ ልኮ ለመመለስ ሎጂክ ላይ አይ/ኦ፣ ሪፐር ላይ ሪኢንሰርት የሚባል አለ። ከሳውንድ ካርድ ጋር በነፃ እንደሚመጣው ኪዩቤዝ ኤልኢ ያሉ የተቆራረጡ ቅጂዎች ግን የኤክስተርናል ኢፌክት (የውጭ ሳጥን ማገናኛ) ቦታ የላቸውም።

ሁሉም ቢሟላ እንኳ ድምፁ ደርሶ መልስ ሲሄድ ይዘገያል። በ48,000 ኸርዝ ባፈሩ (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያስተናግደው የድምፅ ቁራጭ) 256 ሳምፕል ከሆነ መሄጃው ብቻ ከ5 ሚሊ ሰከንድ ይበልጣል፣ መመለሻውም እንዲሁ። ፒንግ እያደረጋችሁ (አጭር ድምፅ ልካችሁ እስኪመለስ እየጠበቃችሁ) መለካትና ማካካስ አለባችሁ። ካላካካሳችሁትና ያልታመቀውን ቮካል ከታመቀው ጋር ካደባለቃችሁት፣ ድምፁ ጀሪካን ውስጥ የሚዘፈን ይመስላል። ኤክስፖርትም በሩጫ አይሆንም፤ አምስት ደቂቃ ዘፈን አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ዘፋኙ በማግስቱ «ቮካሉ ትንሽ ከፍ ይበል» ሲል እንደገና አምስት ደቂቃ፣ ያውም ቁልፎቹ የት ላይ እንደነበሩ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ከያዛችሁ።

መብራቱን ደግሞ እንዳትረሱ። የአሜሪካ ዕቃ ብዙ ጊዜ በ120 ቮልት ነው የሚሰራው፣ የእኛ 220 ነው። ከኋላው 115/230 የሚል መቀየሪያ ካለው ወደ 230 አዙሩት፣ ገላገላችሁ። ከሌለውና 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር የሰካችሁት ቀን ሊቃጠል ይችላል። እንደ አሌሲስ 3630 ያሉ አሮጌዎቹ ደግሞ 9 ቮልት ኤሲ አዳፕተር ነው የሚፈልጉት። ገበያ ላይ በየቦታው የምታገኙት 9 ቮልት ዲሲ ነው፣ አይሆንም። «አዳፕተሩ ጠፍቷል እንጂ የትም ታገኘዋለህ» የሚላችሁን አትመኑ። የግድግዳው ሶኬት የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ከሌለው በዚያ ላይ እምምም የሚል ድምፅ ሊጨመር ይችላል፣ ቀረጻችሁ ውስጥም ይገባል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ክፍሉን ገና ላላስተካከለና ባለ ሁለት መውጫ ሳውንድ ካርድ ላለው ሰው ይሄ የመጀመሪያ ግዢ መሆን የለበትም። ሳጥኑ አንድ ነው፣ አንድ ቦታ ነው የሚሰራው። ከሪፐር ጋር የሚመጣውን ሪኮምፕ የተባለ የሶፍትዌር ኮምፕሬሰር ሃያ ትራክ ላይ ብታደርጉት ማንም አይከለክላችሁም። ብሩን መጋረጃና ፎም ላይ ብታውሉት ቮካላችሁ ይበልጥ ይለወጣል። ይህን ስል ሃርድዌር ወዳጆች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ።

መግዛታችሁ ካልቀረ ግን ላፕቶፓችሁንና ሳውንድ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የተቀዳ ቮካል ክፈቱና «ይሄን በሳጥኑ አሳልፈህ መልስልኝ፣ በስፒከር እየሰማሁ» በሉት። «እሱን ቤት ሄደህ ታስተካክለዋለህ» ካለ ብሩን ኪሳችሁ መልሱ።

ገዝታችሁ የተቀመጠባችሁ ደግሞ በርካሽ ለመጣል አትቸኩሉ። ላይን መውጫ ያለው ትንሽ ሚክሰር ወይም ፕሪአምፕ ካላችሁ፣ ሱቁ ውስጥ እንዳሳዩዋችሁ ለቀረጻ ተጠቀሙበት። የታመቀ ድምፅ አንዴ ከተቀዳ ወደኋላ ስለማይመለስ ግን ሬሾውን (ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚወስነውን) ለስለስ አድርጉት።