የፊት አክስል ለምታሠሩ ሁሉ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ መካኒክ አለ

ወገን፣ ይሄ ምስጋናም ጥቆማም ነው። የድሮዋን 75 ላንድክሩዘር ፒካፕ የያዛችሁ፣ በተለይ አስፋልት ጨርሳችሁ ወደ ገጠር የምትገቡ፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ማንም ጻፍልኝ ብሎኝ አይደለም። እንዲያውም ማስተሩ ስሜንም ስልኬንም እንዳትለጥፍ ብሎኛል፣ ስለዚህ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

መኪናዋ ከደሴ በኩታበር አድርጋ፣ የበሽሎን ወንዝ ተሻግራ ወደ ተንታና ወገልጤና የምትመላለስ ናት። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ቀበሌ ለቀበሌ ስትገቡ ደግሞ ድንጋዩና ቦዩ የሚያርፈው እዚያው ፊት ላይ ነው። የግራ የፊት ጎማዬ በውስጥ በኩል ብቻ እየተበላ ማለቅ ጀመረ። አንዱ አላይመንት ነው አለ። ሌላው ኩሽኔታ ነው አለ፣ ተቀየረ። ቀጥሎ ጎማው ከሚታጠፍበት ኳስ ላይ ዘይትና ግራሶ ተቀላቅሎ እየወረደ ቸርኬውን ያጠቁረው ገባ። ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት፣ ሲል የሚባለው፣ ተቀየረ፣ መልሶ አፈሰሰ። ደግሞ ተቀየረ፣ ደግሞ አፈሰሰ።

ኮምቦልቻ ያለው ማስተር መኪናዋን አነሳትና ምንም ሳይፈታ መለካት ጀመረ። ሲባጎ ዘረጋ፣ ጎማዎቹን ከላይም ከታችም ለካ፣ ከዚያ "ሲሉ ምን አጠፋ ወንድሜ፣ የጎበጠው አክስሉ ነው" አለኝ። ነገሩ ሲገባችሁ ቀላል ነው። የአክስሉ ቤት፣ ማለትም ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ወፍራም ቧንቧ፣ ትንሽ ከጎበጠ፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ዘንግ የሲሉን መሃል ይስታል። አንዱን ጎን ይጫናል፣ በሌላው ጎን ክፍተት ይተዋል። እንዲህ ከሆነ የጃፓን ኦርጅናል ሲል ብታስገቡም ያፈሳል። ጎማውም ያጋደለ ስለሆነ በአንድ ጎኑ ያልቃል። ይሄን ያስረዳኝ እሱ ብቻ ነው፣ የሌሎቹ ወሬ ቀይርና እንየው ነበር።

ከዚያ የምርጫው ነገር መጣ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ባለሙያ ነው። ከ79ኟ አውልቀህ ግጠም የሚል አለ። ዳና 60 የሚባለውን የአሜሪካ አክስል አስመጣ የሚል አለ፣ ኢንተርኔት ላይ ያየ ነው። አንዱማ የኤንፒአር አይሱዙ ግጠም አለኝ። እሱ ከፊት ጎማውን የሚያዞር ዲፈረንሻል የለውም እኮ! ፎር ዊሌን ቀብሬ ልሂድ ወይ?

ማስተሩ ግን በማንም አልሳቀም፣ አንድ በአንድ ነገረኝ። 75ቷ ከፊት ባሌስትራ (የተነባበረ ጠፍጣፋ ብረት) ናት። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት 78 እና 79 ከፊት ሞላ (ጥምዝምዝ ስፕሪንግ) ሆነዋል፣ ጎማቸውም በ6 ብሎን መታሰሩ ቀርቶ በ5 ሆኗል። ያንን ስትገጥም ባሌስትራ የሚያርፍበትን መቀመጫ እንደ አዲስ ልትበይድ ነው፣ ከፊት ባለ 5 ብሎን ከኋላ ባለ 6 ልትሆን ነው፣ አንድ ስፔር ጎማ ለሁለቱም አይሆንህም። በሽሎ ውስጥ ጎማ ሲተኛባችሁ ይሄ ቀልድ አይደለም። ዳና 60 ጠንካራ ነው፣ አልካደም። ግን ከፎርድ የሚወርደው የዲፈረንሻሉ ሆድ በግራ በኩል ነው፣ የላንድክሩዘር ደግሞ በቀኝ፣ ስለዚህ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው ከትራንስፈሩ የሚመጣው ዘንግ አይገናኝም። ብሎኑም 8 ነው። ክብደቱም ሌላ። ኩሽኔታው ቢበላ ደግሞ ደሴ ውስጥ የት ታገኘዋለህ? "ጠንካራ አክስል ማለት መንገድ ላይ ስትቆም እቃው በማግስቱ የሚደርስልህ ነው" አለኝ። እኔ በዚህ ተስማምቻለሁ፣ የማይስማማ መብቱ ነው።

ስለዚህ የራሷን ዓይነት የ75 ቤት ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጣን። መጀመሪያ የመጣውን መለሰው። እንዴት እንዳወቀ ልንገራችሁ፣ ደስ ስለሚል። ቤቱን በናፍጣ አጥቦ አደረቀው። ብየዳው አካባቢ ነጭ ጋዝ ቀባና ትንሽ አቆየው። በጨርቅ ጠርጎ አደረቀው፣ ከዚያ ጠመኔ ፈጭቶ ነሰነሰበት። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ላይ ፀጉር የመሰለች እርጥብ መስመር ብቅ አለች፣ ከኳሱ ሥር ጀምራ ዞራ የሄደች። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጋዝ ነው የወጣው። በዓይን ብታዩት እኮ ምንም የለውም፣ ቀለምም ተቀብቷል። ሁለተኛው ንጹህ ሆኖ ተገኘ።

ማጠናከሩ ላይ የገረመኝ ትዕግስቱ ነው። የላንድክሩዘር አክስል ብዙ ጊዜ የሚጎብጠው ኳሱ ቧንቧው ላይ ከተያያዘበት አካባቢ ነው፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ከላይም ከታችም ወፍራም ላሜራ ቆርጦ ደገፈው፣ በቧንቧው ርዝመት ላይም ሌላ ድጋፍ አስኬደበት። ግን ብየዳውን በአንድ ትንፋሽ አይጨርሰውም። አንድ ጣት የሚያህል እዚህ፣ ከዚያ ዞሮ በተቃራኒው ጎን፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ሻይ። ሙቀቱ ብረቱን ወደ አንድ ጎን እንዳይስበው ነው። ውሃ አያስነካውም። ውስጡ ደግሞ ቶርኖ ቤት ያስወጣውን ቀጥ ያለ ዘንግ ከነማዕከሉ አስገብቶበታል፣ በየመሃሉ ዘንጉን በእጁ ያዞረዋል። ዘንጉ ከከበደው ቆም ይላል። ብየዳ የሚችል ብዙ አለ፣ እየለካ የሚበይድ ግን እኔ አላየሁም።

ዲፈረንሻሉም ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ውስጡ ኮሮና የሚባል ትልቅ ጥርስና እሱን የሚያዞር ፒኞን የሚባል ትንሽ ጥርስ አለ። ሻጩ "ያው ነው፣ የኮሮናው ጥርስ 37 ነው" ብሎ የሰጠን ነበር። ማስተሩ የፒኞኑንም ቆጠረ። 10 ሆኖ ተገኘ። 37 በ9 ሲሆን 4.11 ነው፣ 37 በ10 ሲሆን 3.70 ነው። የኔ የኋላው 4.11 ነው። ፊትና ኋላ ካልተስማሙ ፎር ዊል ባስገባችሁ ቁጥር ሁለቱ ይጓተታሉ፣ ደረቅ መንገድ ላይ ትራንስፈሩን ይሰብሩታል። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጠሩ፣ የኮሮናው ብቻ አይበቃም።

ሲቪዎቹ (ጎማው ሲታጠፍም ኃይል የሚያስተላልፉት መገጣጠሚያዎች) ኦርጅናል ስለነበሩ አልቀየራቸውም። የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛወራቸው፣ ውስጣቸው ያሉት ኳሶች ባልተበላው ጎን እንዲሄዱ። ሞሊብዲነም ያለበትን ጥቁር ግራሶ ነው የሞላው። ክሮሞሊ ከሚባለው ጠንካራ ብረት የተሠራ ዘንግ ላስመጣ ወይ ብዬው፣ "ከፊት ሎከር ካላስገባህ ገንዘብህን አታባክን" አለኝ። ሎከር ሁለቱ ጎማ አንድ ላይ እንዲዞሩ የሚቆልፍ ነው። ጎማው የሚታጠፍበትን የኪንግ ፒኑን ጥብቀት በስሜት ሳይሆን በሚዛን ነው የሚያስተካክለው፣ መንጠቆ ባለው የሞላ ሚዛን እየሳበ፣ ስስ ሮንዴላ እየጨመረና እየቀነሰ።

የሞዞውን (የጎማውን እምብርት) ዳዶ ሲፈታ ደግሞ እኔን ጠርቶ አሳየኝ። ጠርዙ በመሮ ተቀጥቅጦ ተበልቷል፣ ቀድሞ የነካው ጋራዥ ሥራ ነው። ለዚህ ዳዶ 54 ሚሊሜትር የሆነ ቁልፍ አለው፣ ውድም አይደለም። በመሮና በመዶሻ ሲጠበቅ ኩሽኔታው ምን ያህል እንደተጫነ ማን ያውቃል? ጋራዥ ስትመርጡ 54 ቁልፍ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

አሁን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ መሪው በሁለት ጣት ይያዛል። ጎማው በሁሉም በኩል እኩል እየሄደ ነው፣ ኳሱም ደረቅ ነው።

ቅሬታ የለህም ወይ ለምትሉኝ፣ አለኝ። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ነገ ካላችሁ ነገ አይደለም። ስልክ አያነሳም፣ እጁ ግራሶ ነው። ዋጋውም ርካሽ የሚባል አይደለም፣ ግን ከመጀመሪያው ቁርጡን ይነግራችኋል፣ መሃል ላይ ጨምር አይልም፣ የወለቀውንም አሮጌ እቃ በካርቶን አድርጎ ይመልስላችኋል።

ማስተር፣ ይሄን ሰው ካነበበልህ እድሜና ጤና ይስጥህ፣ እጅህ ይባረክ። ለትንሹ ረዳትህም እንደዚያው፣ ጠመኔ ሲፈጭ የዋለው እሱ ነው።

የምትሄዱ ሰዎች መኪናዋን ባዶ አድርጋችሁ ሂዱ፣ ጭነት ላይ አይለካም። ባሌስትራውን ከፍ ያስደረጋችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አክስሉ ዞሮ ሊሆን ስለሚችል ሽብልቅ ያዘጋጃል። አርብ ከሆነ ከጁምዓ በኋላ ድረሱ። ተሠርታ ከወጣች በኋላም ትንሽ ነድታችሁ መልሷት፣ የመሪውን ክንድ ብሎኖች ደግሞ ያጠብቃቸዋል፣ ለዚያ አያስከፍልም።