ቦርዶ ወይስ ቡርጎኝ፦ የወይን እርሻ ለመጎብኘት የትኛው ይመረጣል?

ከእነዚህ ሁለት የፈረንሳይ የወይን አገሮች አንዱን የሚመርጥ ተጓዥ አስቀድሞ ሊያጤነው የሚገባው የወይን ጠጅ ደረጃ የሚሰጠው ለየትኛው ነገር እንደሆነ ነው። በቦርዶ፣ በተለይም ሜዶክ በተባለው ክፍሉ፣ እርሻው በአብዛኛው ሰፊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1855 ለፓሪሱ ዐውደ ርዕይ የወጣው ዝርዝር ደረጃ የሰጠው ለሻቶው፣ ማለትም ወይኑን ለሚያመርተው ይዞታ፣ ስም ነበር። በቡርጎኝ ግን ደረጃው የመሬቱ ነው፤ 50 ሄክታር ገደማ የሚሆነው ክሎ ደ ቩዦ የተባለ የወይን እርሻ በአንድ የድንጋይ አጥር የተከበበ ቢሆንም ለበርካታ ባለቤቶች የተከፋፈለ በመሆኑ፣ ጎረቤታሞች ከዚያው አጥር ውስጥ የለቀሙት ፒኖ ኗር የተባለ የወይን ዝርያ ከቤት ቤት የተለያየ ጣዕም ይዞ ይወጣል። ይህን ልዩነት ቀምሶ ማነጻጸር፣ በእኔ እምነት፣ የትኛውንም ያማረ ሕንፃ ከማየት ይበልጣል።

ለጀማሪ ቦርዶ ይቀላል፤ ትልልቆቹ ሻቶዎች አስጎብኚ አላቸው፣ በ2016 የተከፈተው ሲቴ ዱ ቫን የተባለው የወይን ሙዚየምም እዚያው ከተማው ውስጥ ይገኛል። በቡርጎኝ ግን ብዙ ጊዜ በሩን የሚከፍተው ራሱ ወይን አምራቹ ነው፤ እንግዳውን ይዞ ወደ ቀዝቃዛው ምድር ቤት ይወርድና ከ228 ሊትሩ በርሜል በመስታወት ቱቦ ቀድቶ ያቀምሰዋል። በሁለቱም ዘንድ ቀጠሮ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ በኖቬምበር ሦስተኛ እሑድ፣ በቡርጎኟ ቦን ከተማ የሆስፒስ (የቆየ የበጎ አድራጎት ሆስፒታል) የወይን ጠጅ ጨረታ በሚካሄድበት ሰሞን፣ በቡርጎኝ ማረፊያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።