ለጀማሪ የሚሆኑ አራት የድርቆሽ ማሽኖች፦ ከሁለት የአጨዳ ወቅት በኋላ የምሰጠው አስተያየት

ድርቆሽ በማሽን ማዘጋጀት ከጀመርኩ ወዲህ አራት ያገለገሉ መሣሪያዎችን ገዛሁ፤ እነርሱም እንደ መቀስ የሚቆርጥ ማጨጃ፣ ማገላበጫ፣ ባለ ጎማ መሰብሰቢያ እና አነስተኛ አራት ማዕዘን እስር የሚያወጣ ማሰሪያ ናቸው። ሁሉንም የሚያንቀሳቅሳቸው 45 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ሲሆን፣ የማጭደው ማሳም ከ4 ሄክታር አይበልጥም። ከአራቱ መካከል እጅግ የረዳኝ ብዙ ሰው ለመጨረሻ የሚያቆየው ማገላበጫው ነው፤ እጅግ ያስቸገረኝ ደግሞ የማሰሪያው ቋጣሪ፣ ማለትም የእስሩን ሲባጎ የሚቋጥረው ክፍል ነበር።

ማጨጃን በሚመለከት ጀማሪው የሚያማርጠው በሁለት ዓይነቶች መካከል ነው። ባለ ዲስኩ በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከሩ ስለቶች ሣሩን እየመታ ስለሚቆርጥ የተኛና የተጠላለፈ ሣር አያስቸግረውም፤ ነገር ግን ለተመሳሳይ ስፋት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ይጠይቃል፣ ድንጋይም ሲያገኝ አርቆ ይወረውራል። እኔ የመረጥኩት ማጨጃ ወዲያና ወዲህ በሚመላለሱ ሦስት ማዕዘን ምላጮች የሚቆርጥ በመሆኑ ለትንሽ ትራክተር ይስማማል፤ የተሰበረውንም ምላጭ ብቻውን ነቅሎ መተካት ይቻላል። ጉድለቱ ጥቅጥቅ ባለ እርጥብ ሣር ውስጥ ቶሎ መታነቁ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በየሃያ እርምጃው እየቆምኩ ካሳለፍኩ በኋላ የተረዳሁት፣ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን በደነዘዙ ምላጮችና በላላ መያዣ መሥራቴ መሆኑን ነው። የአቆራረጡን ከፍታ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ማድረግ እመክራለሁ፤ የቀረው ግንድ የታጨደውን ሣር ከመሬት ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ ከሥር አየር ያገኛል።

አዲስ የታጨደ ሣር ከክብደቱ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ውኃ ነው፤ የድርቆሽ ሥራ ሁሉ ይህን ውኃ ዝናብ ሳይቀድም የማስወጣት ሥራ ነው። ማገላበጫውን የማደንቀውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ወቅት ገና ስላልገዛሁት ሣሩን በመንሽ እገለብጥ ነበር፤ ሁለቱን ትልልቅ አጨዳዎችም ከላይ ደርቀው ከሥር እንደረጠቡ ዝናብ ደረሰባቸው። በሁለተኛው ወቅት ከአጨዳው በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሣሩን በመላው ማሳ ላይ መበተን ስለቻልኩ፣ ከእያንዳንዱ አጨዳ ቢያንስ የአንድ ቀን ፀሐይ አተረፍኩ። ይሁን እንጂ አልፋልፋን የመሰለ ቅጠላማ መኖ ከደረቀ በኋላ ቢገላበጥ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ከፕሮቲኑም አብዛኛው ያለው በቅጠሉ ውስጥ ነው።

መሰብሰቢያው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ጎማዎቹ የሚዞሩት መሬቱን እየነኩ በመሆኑ ከትራክተሩ ኃይል አይቀበሉም፤ የሚበላሽ ነገርም እምብዛም የለውም። ጥርሶቹ መሬቱን ነካ ብቻ እንዲያደርጉ ማስተካከል ይገባል፤ ጠልቀው ከገቡ አፈርና ጠጠር ከሣሩ ጋር ይሰበስባሉ። ቅጠል እንዳይረግፍ ጤዛው ጨርሶ ሳይለቅ ጠዋት መሰብሰቡን እመርጣለሁ።

ወደ ማሰሪያው ስመጣ በሰፊው መጻፍ ይኖርብኛል። መጀመሪያ ካወጣኋቸው ሃያ እስሮች ሰባቱ ተፈትተው ወደቁ፤ እኔም ቋጣሪው እንዳረጀ ደምድሜ ሌላ ልገዛ ተቃርቤ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼና የኃይል ማስተላለፊያውን ዘንግ ከትራክተሩ ነቅዬ፣ ከባዱን ቮላኖ (የማሰሪያውን ማዞሪያ መንኮራኩር) በእጄ ቀስ እያልኩ በማዞር አሠራሩን ተመለከትኩ። መርፌው ሲባጎውን ከሥር ይዞ ይወጣል፣ ዲስኩ ጫፉን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ እንደ ወፍ ምንቃር ያለው ቋጣሪ አንድ ጊዜ ዞሮ ይጠመጥመዋል፣ ቢላዋው ይቆርጠዋል፣ በመጨረሻም ጠራጊው ክንድ ቋጠሮውን ከምንቃሩ ላይ ገፍቶ ያወጣዋል። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ጆን አፕልቢ በ1870ዎቹ ለእህል ማሰሪያ ማሽን የሠራው ቋጣሪ ዛሬም በመሠረቱ በዚህ መልክ መቀጠሉ ያስደንቀኛል። የእኔው ችግር ሲባጎውን በአንድ ቀለበት ውስጥ ሳላሳልፍ መቅረቴና የዲስኩ መያዣ መላላቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ካስተካከልኩ በኋላ በአንድ ቀን ከተሠሩ ሁለት መቶ እስሮች የተፈቱት ሦስት ብቻ ናቸው።

በቮላኖው ላይ ያለው ተሰባሪ ቡሎን በቀላሉ የሚሰበረው ሆን ተብሎ ነው፤ ማሰሪያው ሲታነቅ እርሱ ተሰብሮ መርፌዎቹንና ሣሩን የሚጠቀጥቀውን ፒስተን ያድናል። የእኔን ማሰሪያ የሸጠልኝ ነጋዴ በቦታው ጠንካራ ቡሎን አስገብቶ ስለነበር፣ ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሁሉ ይህን አስቀድሞ እንዲመለከት አጥብቄ እመክራለሁ። ከዚህም ጋር የመርፌዎቹን መጣመም፣ የኩሽኔታዎቹን መላላት እና በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ያለው መሸፈኛ መኖሩን ማየት ይገባል። መሸፈኛ የሌለው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ሲዞር የልብስ ጫፍ ከያዘ ሰውን ለመልቀቅ ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ መሸፈኛው እስኪገኝ ማሽኑን አለማስነሳት ነው።

ለመማር የወሰደብኝ ረጅሙ ጊዜ ግን የእርጥበቱ ጉዳይ ነው። ለአነስተኛ እስር ከ18 በመቶ የማይበልጥ እርጥበት ተገቢ ሲሆን፣ ከ20 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታና ሙቀት ይከተላሉ። በእጅ ጠምዝዞ መገመትን ከልምድ እንደሚማሩት አውቃለሁ፤ ለጀማሪ ግን እስሩ ውስጥ የሚሰካ መለኪያ የተሻለ መምህር ነው። ረጥቦ የታሰረ ድርቆሽ በክምር ውስጥ እየሞቀ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ የውስጡ ሙቀት 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ በየጊዜው መከታተል፣ ወደ 80 ከተጠጋ ደግሞ ክምሩን ከመነካካት በፊት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ያስፈልጋል።

ክብ እስር የሚሠራውን ማሰሪያ አስቤበት ነበር፤ አንዱ እስር ብዙ መቶ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ማንሻ ለሌለው ሰው አይሆንም። የእኔዎቹ ሃያ ኪሎ ግራም ያህል ናቸው፤ ወገብን ቢያደክሙም ሁለት ሰዎች ጋሪ ላይ ይጭኗቸዋል።