ቴሌግራም፣ ፌስቡክ ወይስ ቲክቶክ? ወሎ ሆኖ መጽሐፉን ለሚሸጥ ደራሲ

ከደሴም ከኮምቦልቻም መጽሐፍ ያሳተሙ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። “ለማስታወቂያ የቀረችኝ ሁለት ሦስት ሺህ ብር ናት፤ የት ላውላት?” በቅርቡ ደግሞ አንድ የኮምቦልቻ ገጣሚ ያቺኑ ብር በአንድ ቀን ማስታወቂያ ጨርሶ መጣ። የተሸጠለት መጽሐፍ የለም። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ላይ ልጻፈው።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። የራሳችሁን የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፤ ብሯን ለማስታወቂያ አትንኳት።

ሂሳቡን እንየው። የሽፋን ዋጋው 400 ብር ነው እንበል። ለማተሚያ ቤት በቅጂ 200 ብር ወጥቶበታል። አከፋፋይና መደብር 35 በመቶ ከወሰዱ 140 ብር ሄደ። ለደራሲው የሚተርፈው 60 ብር ነው። በዚህ ስሌት 1,500 ብር የተከፈለበት ማስታወቂያ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 25 መጽሐፍ ማሸጥ አለበት። አንባቢው በቀጥታ ከእናንተ ከገዛ ግን 200 ብሩ እጃችሁ ይገባል፤ 8 መጽሐፍ ይበቃል። እኔ ማንኛውንም መንገድ የምመዝነው ገዢውን ደራሲው ዘንድ ያደርሰዋል ወይ ብዬ ነው።

ፌስቡክ ላይ ቡስት ማድረግ፣ ማለትም ፖስታችሁ ለብዙ ሰው እንዲታይ መክፈል፣ በዚህ ሚዛን ይወድቃል። ክፍያው በዶላር ነው። ዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው በደላላ ያስደርጋል። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ደላላው የራሱን ይጨምርበታል። የጠየቅኩት ሰው ለ10 ዶላር ቡስት 2,000 ብር ብሎኛል። በመደብር ስሌት 34 መጽሐፍ ማለት ነው! የሚመጣው ላይክ ነው፤ “የት ይገኛል?” የሚሉ ኮሜንቶችም ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ ሲመልሱላቸው ይጠፋሉ።

ነጻው ፌስቡክ ግን ጥቅም አለው። ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው አብረውት የተማሩትን እዚያ ያገኛቸዋል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ውጭ አገር ናቸው። ውጭ ያለ የወሎ ልጅ እዚህ ያለ ዘመዱን “ክፈልልኝ፣ ለእናቴም አንድ ስጥልኝ” ብሎ ይገዛል። ለዚህ ደግሞ ቡስት አያስፈልግም።

ቲክቶክ ነጻ ነው፤ የማያውቃችሁም ሰው ጋ ያደርሳችኋል። ለግጥም ጥሩ ነው፤ ለልብ ወለድ እምብዛም። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፣ ያየው ሰውም ጣቱን አንስቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ተመልካቹን ወደ ቴሌግራማችሁ ካላመጣችሁት እይታው ብር አይሆንም።

አሁን ወዳጄን ወዳከሰረው እንምጣ፤ ብዙ አባል ባላቸው የቴሌግራም ቻናሎች ከፍሎ ማስተዋወቅ። ቻናሉ ብዙ ሺህ አባል ያሳያል። ባለቤቱ “አንድ ፖስት ለ24 ሰዓት ከላይ ይቆያል” ይላችኋል። የማይነግራችሁ አባላቱ የተገዙ ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው። አባል በሺህ እየተቆጠረ ይሸጣል፤ እይታም ይሸጣል፤ የልብ ምልክት ሳይቀር ይሸጣል። ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ተመልከቱ።

የየፖስቱን እይታ አስተያዩ። እውነተኛ ቻናል ላይ አንዱ ፖስት ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ይታያል። ሁሉም ተቀራራቢ ቁጥር ካላቸው ጠርጥሩ። ከዚያ ባለቤቱን ስታቲስቲክሱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ በስክሪንሾት ሳይሆን ስልኩን ከፍቶ፣ ወይም እያሸበለለ በስክሪን ሪከርድ። የአባላቱ ግራፍ በአንድ ሌሊት ቀጥ ብሎ ከወጣ የተገዛ ነው። ኖቲፊኬሽን ያበራው ሰው በመቶ ስንት እንደሆነም እዚያው ላይ ይታያል። “ይሄ ሚስጥር ነው” የሚል ካለ ጥላችሁ ሂዱ።

ከሁሉ የሚሻለው ቅድሚያ አለመክፈል ነው። “በአንተ በኩል ለተሸጠ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ 50 ብር እሰጥሃለሁ” በሉት። ገዢው መጽሐፉን ሲያዝዝ የቻናሉን ስም ይጥቀስ። ትንሽ ሆነው እውነተኛ አንባቢ ያላቸው የመጽሐፍ ቻናሎች ይህን ይቀበላሉ፤ ባዶዎቹ አይቀበሉም። 50 ብሩን ከፍላችሁም 150 ብር ይተርፋችኋል። ከመደብሩ 60 ብር ጋር አስተያዩት።

የራስ ቻናል ግን ምንም አያስከፍልም። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ላይ ዘመድና ጓደኛ ብቻ ነው የሚገባው። በየሳምንቱ ከመጽሐፉ አንድ ቁራጭ በራሳችሁ ድምፅ አንብባችሁ ልቀቁ። የወሎን ለዛ ወረቀት ላይ ማስቀረት ከባድ ነው፤ በድምፅ ግን ራሱ ይናገራል። አምባሰልና ባቲ የሚባሉ ቅኝቶችን ለአገሩ ያበረከተ ሕዝብ ድምፁን ለምን ይደብቃል? አምስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ደግሞ የሚበላው ዳታ ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ነው፤ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይከፈታል።

ሙሉውን ፒዲኤፍ ለማንም አትላኩ። ለገምጋሚም፣ ለጋዜጠኛም፣ ለዘመድም የታተመውን ስጡ። አንድ ፒዲኤፍ ካመለጠ በማግስቱ “ነጻ መጻሕፍት” በሚሉ ቻናሎች ላይ ታገኙታላችሁ። ከመጽሐፉ ጠቅላላ ትርፍ የሚበልጥ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን ለእናንተ ሰጥቷል፣ ለቴሌግራምም አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ግን አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። አንዳንዱ ይህን ፈርቶ ፖስት ሴቭና ፎርዋርድ እንዳይደረግ የሚከለክለውን ማስተካከያ ያበራል። አታብሩት። ቻናሉን የሚያሳድገው ፎርዋርዱ ነው፤ ለናሙና የለቀቃችሁት ቁራጭ ደግሞ በተሰራጨ ቁጥር ጥሩ።

ክፍያን በተመለከተ ቴሌብር በቂ ነው፤ የባንክ ሂሳብም ጨምሩ። ገዢው የላከላችሁን ስክሪንሾት ግን አትመኑ። በስልክ የሚሠራ የውሸት ደረሰኝ ከእውነተኛው አይለይም። ከቴሌብር ቁጥር ከ127 የገባላችሁን መልእክት እዩ፣ ቀሪ ሂሳባችሁን ቼክ አድርጉ፣ ከዚያ መጽሐፉን አስረክቡ። በዚህ መንገድ መጽሐፋቸው የተወሰደባቸው ደሴ ውስጥ አውቃለሁ።

ማድረሱም ወጪ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ አንድ መጽሐፍ በአውቶቡስ መላክ ትርፉን ይጨርሰዋል። አዲስ አበባ ያለ የምታምኑት ሰው ጋ አንድ ካርቶን አስቀምጡ፤ ትዕዛዙን እናንተ ተቀበሉ፣ እሱ ያስረክብ። ወልዲያና ኮምቦልቻም እንዲሁ። የመላኪያውን ዋጋ ከመጽሐፉ ዋጋ ለይታችሁ ጻፉ፤ ገዢው ሲያዝዝ ከሚደነግጥ አስቀድሞ ይወቀው።

ያንኑ የአዲስ አበባ ሰው የቻናሉ ሁለተኛ አድሚን አድርጉት። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር እናውቃለን። እናንተ ባትገቡም ቻናሉ እንዲቀጥል የተቀዱትን ንባቦች አስቀድማችሁ ስጡት፤ ወይም ራሳችሁ በቀን በቀኑ እንዲለቀቁ ቀጠሮ አስይዟቸው። ቴሌግራም ይህንንም በነጻ ያደርጋል። ሁለት ሦስት ሺዋን ብር ለካርቶኑ የመኪና ኪራይ አውሏት።