ፓራማታን የሚያቋርጠው ኤል 4፦ መስመሩ ጥሩ፣ ጫፉ ጎዶሎ

የሲድኒ ሁለተኛ መሀል ከተማ የሆነችው ፓራማታ ወደ ዋናው መሀል ከተማ የሚወስድ ባቡር ቸግሯት አያውቅም። የቸገራት ዙሪያዋን ካሉት ሰፈሮች ጋር በቀጥታ የሚያገናኛት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2024 ሥራ የጀመረው ኤል 4 ቀላል ባቡር ከዌስትሜድ ሆስፒታሎች ተነስቶ፣ ፓራማታን አቋርጦ ካርሊንግፎርድ ይደርሳል፤ 12 ኪሎ ሜትር፣ 16 ፌርማታ።

ዋናው ጥንካሬው ምልልሱ ነው። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በየሰባት ደቂቃ ተኩሉ ይመጣል። እስከ 2020 በካርሊንግፎርድ በኩል ይሠራ የነበረው ባቡር ነጠላ ሐዲድ ስለነበረው አንዱ ሳይመለስ ሌላው አይነሳም ነበር። አሁን ሐዲዱ ጥንድ ነው። ባቡሩም 45 ሜትር ይረዝማል፣ 400 ሰው ያህል ይይዛል። ፓራማታ መሀል፣ ቸርች ጎዳና ላይ፣ ከላይ የተዘረጋ ሽቦ የለም፤ ባቡሩ በራሱ ባከማቸው ኃይል ያልፋል። እግረኛ ስለሚበዛ ግን እዚያ ፍጥነት አይጠበቅ።

የጉዞ ክፍያ የሚፈጸምበት የኦፓል ካርድ የሚነካው ባቡሩ ውስጥ ሳይሆን ፌርማታው ላይ ነው፤ ሲሳፈሩም ሲወርዱም። ሲወርዱ ከረሱት ከፍተኛው ታሪፍ ይቆረጣል። ወርደው በ60 ደቂቃ ውስጥ ትልቁን ባቡር ወይም አውቶቡስ ከያዙ ለአዋቂ 2 ዶላር ይቀነሳል። ዌስትሜድ ላይ መቀየር ቀላል ነው፣ ፌርማታው ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። ፓራማታ ላይ ግን አደባባዩን በእግር ማቋረጥ አለ።

ድክመቱ ጫፉ ላይ ነው። ሜትሮም የሰሜኑ ባቡርም የሚገኙበት ኤፒንግ ከካርሊንግፎርድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ኤል 4 ግን አይደርስበትም፣ የቀረውን በአውቶቡስ መሙላት ግድ ነው። በ1998 ፓራማታን በኤፒንግ በኩል ከቻትስዉድ ጋር ለማገናኘት ታቅዶ ነበር፤ በ2009 የተከፈተው ግን ከኤፒንግ ወዲያ ያለው ግማሽ ብቻ ነው። ከኤል 4 መስመር፣ ከሮዝሂል፣ ወደ ክላይድ የትልቁ ባቡር ጣቢያ የሚወስደው ሐዲድም ተዘግቷል። ስለዚህ ከካርሊንግፎርድ ወደ ሲድኒ መሀል የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፓራማታ ሄዶ፣ ከዚያ በትልቁ ባቡር ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። ሲድኒ መሀል ሳይገባ በፓራማታ በኩል ከሊፒንግተን ሪችመንድ የሚወስደው የትልቁ ባቡር መስመር ቲ 5 ደግሞ ባብዛኛው በየግማሽ ሰዓቱ ነው፤ አንዱ ካመለጠ ኤል 4 ያተረፈው ደቂቃ ሁሉ እዚያው ያልቃል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ሮዝሂል አጠገብ ካለው ካሜሊያ ተነስቶ ወንዙን በመሻገር ወደ ኦሊምፒክ ፓርክ 10 ኪሎ ሜትር፣ 14 ፌርማታ ይጨምራል። እዚያም በ2032 ይከፈታል የተባለው ምዕራብ ሜትሮ ይጠብቀዋል። ጥሩ ነው፤ ግን ያቺ 3 ኪሎ ሜትር መቅደም ነበረባት።