የአሜሪካ የውኃ ታሪፍ ተቆጣጣሪዎች ለደንበኛው ምን ያህል ይሠራሉ?

አሜሪካ ውስጥ ውኃ የሚያቀርብልዎ የግል ኩባንያ ከሆነ ጥለውት ወደ ሌላ መሄድ አይችሉም፤ በአንድ መንገድ ሥር ሁለተኛ ቧንቧ የሚቀብር ተፎካካሪ የለም። በፉክክሩ ቦታ የተቀመጠው የየግዛቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው። ኩባንያው የጠየቀውን ጭማሪ የሚያጸድቀው፣ የሚቀንሰው ወይም የሚጥለው እሱ ነው። ኩባንያው ለታሪፍ ክርክሩ የሚቀጥራቸው ጠበቆችና ባለሙያዎች ወጪ ደግሞ በአብዛኛው ተመልሶ በደንበኛው የውኃ ሒሳብ (ቢል) ላይ ይታሰባል፤ ስለዚህ ቁጥጥሩም ደንበኛው የሚከፍልበት አገልግሎት ነውና እንደ አገልግሎት መመዘን አለበት። የእኛ ፍርድ ባጭሩ፦ ወጪ በመመርመር ጎበዝ፣ ግንባታን በመቆጣጠር መካከለኛ፣ ለተራው ደንበኛ ባለው ቅርበት ደካማ።

መጀመሪያ አገልግሎቱ እርስዎን ይመለከት እንደሆነ ያጣሩ። ቢሉ የሚመጣው ከከተማ አስተዳደር ከሆነ በብዙ ግዛቶች ኮሚሽኑ አያገባውም። ዊስኮንሲን ለየት ይላል፤ እዚያ የከተማ ውኃ ድርጅቶችም በኮሚሽኑ ሥር ናቸው። ጆርጂያና ሚኒሶታ ላይ ግን ኮሚሽኑ የግል ኩባንያዎችን የውኃ ታሪፍም አይወስንም።

የአሠራሩ መሠረት ሁለት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ናቸው፦ በ1923 እ.ኤ.አ. የተሰጠው የብሉፊልድ ውኃ ድርጅት ውሳኔና በ1944 እ.ኤ.አ. የተሰጠው የሆፕ ጋዝ ኩባንያ ውሳኔ። ባለሀብቱ ተመሳሳይ ስጋት ባለው ሌላ ሥራ ሊያገኝ ከሚችለው ጋር የሚመጣጠን ትርፍ የማግኘት ዕድል ይሰጠው ይላሉ። ዕድል ነው የተባለው፣ ዋስትና አይደለም። ኮሚሽኑ ይህንን ወደ ቁጥር ሲለውጥ የሥራ ማስኬጃ ወጪን፣ የእርጅና ቅናሽን (ንብረቱ በየዓመቱ ሲያረጅ ከዋጋው የሚቀነሰውን) እና ግብርን ይደምራል፤ በዚያ ላይ ኩባንያው ካፈሰሰው ካፒታል ላይ የተፈቀደለትን ትርፍ ይጨምራል።

ለምሳሌ 9,000 ደንበኞች ያሉት ኩባንያ እናስብ። የቧንቧው፣ የፓምፑና የማጣሪያው ዋጋ እርጅናው ተቀንሶ 20 ሚሊዮን ዶላር ነው። ግማሹ በ4.5 በመቶ ወለድ የተበደረው፣ ግማሹ 9.5 በመቶ ትርፍ የተፈቀደለት የባለአክሲዮኖች ገንዘብ ነው፤ አማካዩ 7 በመቶ ስለሚሆን 1.4 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። የሥራ ማስኬጃው 3 ሚሊዮን፣ የእርጅና ቅናሹ 600,000፣ ግብሩ 400,000 ቢሆን ጠቅላላው 5.4 ሚሊዮን ነው። ለ9,000 ሲካፈል በዓመት 600፣ በወር 50 ዶላር።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ክርክር። ለባለአክሲዮኖች የተፈቀደው 9.5 በመቶ ወደ 10 ቢያድግ ትርፉ በ50,000 ዶላር ይጨምራል። ኩባንያው በዚያ ላይ 21 በመቶ የፌዴራል ግብር ስለሚከፍል ከደንበኛ የሚሰበሰበው 63,000 ገደማ ይሆናል፤ በአንድ ደንበኛ ወደ 7 ዶላር በዓመት። ኮሚሽኖች ይህችን ግማሽ ነጥብ ለማሳነስ በርትተው ይከራከራሉ፤ ያስመሰግናቸዋል።

ደከም የሚሉት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ያው ኩባንያ 1 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ አዲስ መስመር ቢዘረጋ በመጀመሪያው ዓመት 70,000 ትርፍና ወለድ፣ በ50 ዓመት ለሚያረጅ ቧንቧ ደግሞ 20,000 የእርጅና ቅናሽ ያስከፍላል፤ ከግብሩ በፊት 90,000 ማለት ነው። በዚያው 90,000 ቧንቧ የሚያፈስበትን ቦታ የሚፈልጉ ሠራተኞች ቀጥሮ አሮጌውን መስመር ቢጠግን ለደንበኛው ዋጋው ያው ነው፤ ኩባንያው ግን ከደሞዝ ላይ ሳንቲም አያተርፍም። የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም። አቨርችና ጆንሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ይህን ዝንባሌ በ1962 እ.ኤ.አ. አስረድተውታል። ስለዚህ የኩባንያውን የጭማሪ ማመልከቻ ሲያነቡ ከመቶኛው ጭማሪ ይልቅ የግንባታ ዝርዝሩን ይዩ፤ የትኛው ቧንቧ ስንት ጊዜ እንደፈነዳ፣ ተመርቶ ሳይሸጥ የሚቀረው ውኃ ስንት እንደሆነ ካልተጻፈ ያ ክፍተት ነው።

ፔንስልቬንያ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይተው ይከታተሉ። አንደኛው በሁለት የታሪፍ ክርክሮች መካከል ለቧንቧ እድሳት ቢል ላይ የሚጨመረው ክፍያ ነው፤ ለውኃ ጣሪያው በመደበኛው 7.5 በመቶ ነው። ሁለተኛው የ2016 እ.ኤ.አ. ሕግ ቁጥር 12 ነው፤ የከተማ ውኃ ወይም ፍሳሽ ድርጅት ለግል ኩባንያ ሲሸጥ በመዝገብ ካለው ዋጋ ይልቅ በገበያ ግምት ትርፍ በሚታሰብበት ካፒታል ውስጥ እንዲገባ ፈቅዷል። ሻጩም ገዢውም ከፍ ባለ ዋጋ ይጠቀማሉ፤ ትርፉን የሚከፍለው ደንበኛ ግን ድርድሩ ላይ አልተቀመጠም። በእኛ አስተያየት ከአሠራሩ ሁሉ ደንበኛውን ይበልጥ የሚጎዳው ይህ ነው።

የተሳትፎው ሥርዓት ያደክማል። ፔንስልቬንያ ውስጥ ኩባንያው ጭማሪው ከመጀመሩ 60 ቀን ቀደም ብሎ ጥያቄውን ያስገባል፤ ኮሚሽኑ ለምርመራ እስከ 7 ወር ሊያግደው ይችላል። በኢሜይል የተላከ ተቃውሞ ይነበባል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። በሕዝብ መድረኩ ላይ በቃለ መሐላ የተናገሩት ግን መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ መደበኛ አቤቱታ ያስገባ ደግሞ ተከራካሪ ወገን ይሆናል። «ኑሮ ተወደደ» ማለት ብቻውን ክርክሩን የሚሰማውን ዳኛ ብዙም አይረዳውም። የደፈረሰ ውኃ ፎቶ ከነቀኑ፣ ግፊቱ የወረደበት ሰዓት፣ የሁለት ዓመት ቢል ይዞ መቅረብ ይሻላል። ችግሩ ብዙው ጉዳይ በስምምነት ይዘጋል፤ አንዳንዴም ጠቅላላ ገንዘቡ ብቻ ተጽፎ የትርፍ መጠኑ አይገለጽም። በሚቀጥለው ጊዜ የሚከራከር ሰው ያለፈው ስሌት ከየት እንደመጣ መከተል ያቅተዋል።

አነስተኛ ኩባንያዎች ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ክርክሩ ብዙ ገንዘብ ስለሚያስወጣቸው ለዓመታት ሳይጠይቁ ይቆዩና የተጠራቀመውን ባንዴ ያወርዱታል።

ውሳኔው ከወጣ በኋላም ሥራ አለ። ቋሚውን ወርኃዊ ክፍያና የፍጆታውን ዋጋ ለየብቻ ያወዳድሩ፤ ቋሚው ካደገ ትንሽ ውኃ የሚጠቀም ቤት በመቶኛ ይበልጥ ይጎዳል። የቆጣሪዎን መጠንም ይዩ፤ የተለመደው የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ አምስት ስምንተኛ ኢንች ነው፤ ሳያስፈልግ ባለ 1 ኢንች የተገጠመለት ቤት ቋሚ ክፍያው ከፍ ይላል። አንዱ ኩባንያ በ1,000 ጋሎን፣ ሌላው በ100 ኪዩቢክ ጫማ ስለሚቆጥር ሳይቀይሩ ማወዳደር ያሳስታል፤ 100 ኪዩቢክ ጫማ 748 ጋሎን ነው። አዲሱ ታሪፍ በወሩ መካከል ከጀመረ ቢሉ በቀኖቹ መከፋፈል አለበት። በክርክሩ ጊዜ ጊዜያዊ ጭማሪ ተሰብስቦ ከነበረና ኮሚሽኑ ከዚያ ያነሰ ከፈቀደ፣ ተመላሹ በቢሉ ላይ ራሱን ችሎ መታየት አለበት፤ ካልታየ ኩባንያውን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ መልስ ካላገኙ ወደ ኮሚሽኑ የደንበኞች ክፍል ይሂዱ።