ለሩቅ መንገድ የተዘጋጀ ዲአር 650፦ ከስምንት ወር በኋላ የጸናውና የወለቀው

ሱዙኪ ዲአር 650 የተባለው ሞተር ብስክሌት አዲስ ነገር የለውም። አሁን የያዘውን ቅርጽ ካገኘበት ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ እምብዛም አልተቀየረም፦ አንድ ሲሊንደር፣ 644 ሲሲ፣ ካርቡራተር፣ በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ። ለሩቅ መንገድ የሚፈለገውም በዚሁ ነው፤ ራዲያተር ስለሌለው የሚበሳ ራዲያተር የለም፣ ብዙው ነገር በካቻቢቴና በመፍቻ ይደረስበታል። ከፋብሪካ እንደወጣ ግን ለረጅም ጉዞ አይሆንም። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) 13 ሊትር ብቻ ነው፣ ሞላው ለጭነት ልል ነው፣ የሆድ መከላከያውም ድንጋያማ መንገድ አይችልም።

እዚህ የተጻፈው ዕቃዎቹ ተገጥመው ስምንት ወርና ከ9 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከተነዱ በኋላ ነው። ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ኮረኮንች፦ የአባይ በረሃ ቁልቁለት፣ ሊማሊሞ፣ ሰነቴ፣ ከኮንሶ ወደ ቱርሚ የሚወስደው አሸዋና ደረቅ ወንዝ።

መከላከያ ሲገዛ ሁሉም የሚያስበው ስለ ድንጋይ ነው። በስምንት ወር ውስጥ ግን በድንጋይ ተመትቶ የተጣለ አንድም ዕቃ የለም። የወለቀው፣ የተሰነጠቀውና መንገድ ላይ የቀረው ሁሉ በንዝረት ነው። ትልቅ ነጠላ ሲሊንደር የጠበቀውን ብሎን ሁሉ ቀስ እያለ ይፈታል። ስለዚህ ከዕቃው በፊት አገጣጠሙ፦ ማንኛውም ተጨማሪ ብሎን ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) ይቀባ፣ ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለበት ይሁን። ከጠበቀ በኋላ ከብሎኑ ራስ ተነስቶ ብረቱ ላይ የሚያልፍ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም ይሰመር። መስመሩ ሁለት ቦታ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። በየጠዋቱ መፍቻ ይዞ ከመዞር ቡና እስኪፈላ ድረስ በዓይን ማየት ይበቃል። ከመጀመሪያው 300 ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ሁሉም አንድ ጊዜ በመፍቻ ይፈተሽ፤ አዲስ ብረት ከአዲስ ብረት ጋር ሲቀማመጥ የሚላላው ያኔ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ በዚህ ሞተር ባለቤቶች ዘንድ የታወቀ አንድ ጉድ አለ። የኒውትራል መብራቱን ስዊች የያዙ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ከፍሪሲዮኑ ጀርባ፣ ሞተሩ ውስጥ ተደብቀዋል። ከላሉ የሚወድቁት ማርሹ ውስጥ ነው። የኒውትራል መብራት አንዳንዴ እየበራ አንዳንዴ እምቢ ካለ አምፖሉን ብቻ አትጠርጥሩ። ቀኝ ሽፋኑንና ፍሪሲዮኑን አስወርዳችሁ ሁለቱን ብሎኖች በሎክታይት ወይም በሽቦ ማሰር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በሽፋኑ ሥር የሚገባውን ጓርኒሲዮን ግን አስቀድማችሁ ግዙ። አንድም መለዋወጫ ሳይታዘዝ መሠራት ያለበት ይህ ነው።

የሰልባትዮ ምርጫ ቀላል ነበር። የአቸርቢስ 20 ሊትር ፕላስቲክ ተገጠመ። ተጭኖ በሊትር 18 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚሄድ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል፤ ማደያ ደርቆ ሰልፍ በተያዘበት ከተማ ሳይቆሙ ማለፍ ማለት ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ የቀረው ነዳጅ በዓይን ይታያል። ስቲከር ግን አይለጠፍበትም፤ የቤንዚን ትነት በፕላስቲኩ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ማስቲሹን ያስለቅቀዋል።

ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ቦታ አለ። የፋብሪካው ነዳጅ መዝጊያ በሞተሩ የአየር ስበት ነው የሚከፈተው፤ የአዲሱ ሰልባትዮ መዝጊያ ግን በእጅ ነው። ስለዚህ ከካርቡራተሩ ወደ አሮጌው መዝጊያ ይሄድ የነበረችው ቀጭን የጎማ ቱቦ ሥራ ታጣለች፤ መውጫዋ በጎማ ቆብ ካልተደፈነ አየር ይስባል፣ ሞተሩም ሲሞቅ ይንተፋተፋል። ሁለተኛ፣ በእጅ የሚዘጋ መዝጊያ በእጅ ካልተዘጋ አይዘጋም። የካርቡራተሩ መርፌ ቆሻሻ ከያዘ ሌሊቱን ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደር ይወርድና ዘይቱን ያቀጥናል። ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተ ወይም ልኩ ከፍ ብሎ ከተገኘ ሳይቀየር አታስነሱ።

ከማደያ ውጭ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ውሃና አቧራ አያጣውም። ማጣሪያ ከተጨመረ የሽቦ ወንፊት ያለው ይሁን፤ ነዳጁ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ የወረቀቱ ማጣሪያ ሰልባትዮው ሲጎድል ፍሰቱን ያንቃል።

ካርቡራተሩን ስለመነካካት አንድ ነገር። የአየር ሳጥኑን ቆርጦ ትልቅ ጂግለር (በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥን ቀዳዳ) መግጠም በውጭ አገር የተለመደ ምክር ነው፤ ለዝቅተኛ ቦታ ይሠራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሰነቴ ከ4,000 ይበልጣል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ የቤንዚኑ ድርሻ ይበዛል። የፋብሪካው ልክ ቆጣቢ መሆኑ እዚህ ይጠቅማል። ሞተሩ ሁለት ካንዴላ ስላለው ሁለቱንም አውጥቶ ማየት ነው፦ ፈዛዛ ቡናማ ከሆኑ ደህና፣ እንደ ጥላሸት ከጠቆሩ ቤንዚኑ በዝቷል።

የሆድ መከላከያው ባለ 4 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም ነው፤ ጎኑ ወደ ላይ የታጠፈ። ተፈግፍጓል፣ ተጎድጉዷል፣ ሥራውን ግን ሠርቷል። ጣጣው ጭቃ ነው። ዋልካ በሞተሩና በብረቱ መካከል ገብቶ ይደርቅና እንደ ጡብ ይሆናል፤ ሙቀት ያፍናል፣ የዘይት ፍሳሽም ይደብቃል። በክረምት በየሳምንቱ አውርዶ ማጠብ ግድ ነው፣ ስለዚህ አራቱ ብሎኖች በአንድ ቁጥር መፍቻ የሚፈቱ ይሁኑ። ለዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳ የሌለው መከላከያ አትግዙ። የዘይት ማቀዝቀዣው ፊት ወንፊት ይደረግ፤ እሱም በጭቃ ከተለበጠ ከወንፊቱ ጥቅም ጉዳቱ ይብሳል።

ጥቂቶች የሚያስታውሱት ትንሽ ብረት ደግሞ አለ፦ ከፊተኛው ጥርስ ጀርባ የሚገባው የሞተር ጎን መከላከያ። ካቴና ተበጥሶ ሲጠቀለል የሚመታው የሞተሩን ሽፋን ነው፤ ከተሰነጠቀ ጉዞው እዚያው አበቃ። ከሁሉም የረከሰው ዕቃ ይህ ነው፣ ከሁሉም ውዱን ጉዳት ያስቀራል።

የእጅ መከላከያው በሁለት ቦታ የሚታሰር፣ ውስጡ አልሙኒየም የሆነ ነው። በማኑብሪዮው (በመሪው እጀታ) ጫፍ የሚገባው መያዣ በደንብ ካልጠበቀ፣ ሞተሩ ሲወድቅ መከላከያው ዞሮ ፍሬኑ ላይ ይጫናል፤ አዳኙ ራሱ ሰባሪ ሆነ ማለት ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎችን ደግሞ በተቃራኒው ከልክ በላይ አታጥብቁ። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ሁለት ሦስት ዙር ማኑብሪዮው ላይ ጠምጥማችሁ መያዣውን እላዩ እሰሩ። በነጂ እጅ አይንቀሳቀስም፣ ሲወድቅ ግን ዞሮ ያመልጣል፣ አይሰበርም። ከተገጠመ በኋላ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፤ ሞተሩ እየሠራ ድምፁ ከጨመረ የነዳጅ ገመዱ ተወጥሯል።

ፖርቶ መጋላው (የዕቃ መጫኛው) እዚሁ የተበየደ ብረት ነው። የአልሙኒየሙ ቀላል ነው፣ ቢሰነጠቅ ግን በትንሽ ከተማ የሚበይደው አይገኝም። ብረቱም በ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ተሰነጠቀ፦ ብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው አጠገብ፣ ሙቀቱ ብረቱን ባደከመበት መስመር። ሦስት ማዕዘን ላሜራ ማጠናከሪያ ተጨምሮበት ዳግም አልተነካም። በሞተሩ ላይ እንዳለ የሚበየድ ከሆነ አስቀድሞ የባትሪው ሁለቱም ገመድ ይፈታ።

ሻንጣው የጨርቅ ነው፤ በቆርቆሮ ሳጥን ሥር የተያዘ እግር ይሰበራል። በየጎኑ ከ8 ኪሎ በላይ አይጫን፤ ከባዱ ዕቃ ወደ ፊትና ወደ ታች። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በቀኝ በኩል ስለሚያልፍ በዚያ በኩል የሙቀት መከላከያ ላሜራ ካልገባ ሻንጣው ይቀልጣል። ለማሰሪያ ከተሸጡት ቀበቶዎች ሁሉ የበለጠው በጎሚስታ ቤት የሚቆረጠው የካላማዳሪ (ጎማ ውስጥ የሚገባው ነፋስ መያዣ) ጎማ ነው፤ ንዝረቱን ይውጣል፣ አይላላም።

ጭነት ሲጨመር ሞላው ይለካ። የኋላው ጎማ ከመሬት ተነስቶ ሳለ ከጎማው እምብርት እስከ ወንበሩ ሥር ያለው ርቀት ይለካል፣ ከዚያ ነጂውም ጭነቱም ተቀምጠው እንደገና። ልዩነቱ 85 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት፤ የኋላ ጎማው ከላይ እስከ ታች የሚንቀሳቀሰው 260 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ሦስተኛው ማለት ነው። ከ100 ካለፈ ሞላው ይጠበቅ፣ ያም ካልበቃ ጠንካራ ሞላ ይገዛ። ኋላው የሰመጠ ሞተር አሸዋ ላይ መሪው ይዋልላል፣ ማታም መብራቱ ሰማይ ያያል።

ጎማው በፊት 90/90-21፣ በኋላ 120/90-17 ነው። ጎሚስታ የትም አለ፣ ባለ 21 ካላማዳሪ ግን የለም። መያዝ ያለበትም እሱ ነው፤ ሲቸግር ኋላ ገብቶ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል፣ የኋላው ግን ለፊት አይሆንም። ለኮረኮንች ፊት 22፣ ኋላ 25 ፒኤስአይ፤ ለአስፋልት 29 እና 32። ነፋስ መግቢያውን የያዘችው ዳዶ ቸርኬው ላይ አትጠበቅ፤ ወደ ቆቡ ትጠጋ። ጎማው ሲንሸራተት መግቢያው ካዘነበለ በጊዜ ይታያል፣ ታስሮ ከሆነ ግን ካላማዳሪውን ይቀድደዋል።

ስልክ በቀጥታ ማኑብሪዮው ላይ አታስሩ። የዚህ ሞተር ንዝረት የካሜራውን ሌንስ ያበላሻል፤ ንዝረት የሚውጥ ጎማ ያለበት መያዣ ግድ ነው።

እስካሁን መላ ያልተገኘለት ወንበሩ ነው። ጠባብና ለስላሳ ነው፤ በሁለተኛው ሰዓት ሰው ታችኛው ላሜራ ላይ የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል። ጠንካራ ስፖንጅ ተሞከረ፣ ትንሽ አሻሻለ፣ ግን ቁመቱን ጨመረ፤ 885 ሚሊ ሜትር ለሆነ ወንበር ይህ ቀላል አይደለም። ከሁሉም የተሻለው የበግ አጎዛ ነው፤ ሙቀትም ላብም ይችላል። ዝናብ ሲመታው ግን በአንድ ሌሊት አይደርቅም፣ ስለዚህ ደመና ሲታይ ተጠቅልሎ ሻንጣ ይገባል።